በስም ቅርንጫፍ ላይ የነበረው ባዶ ቅጠል

ጎባ የተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አንድ ትልቅ ዛፍ ነበር። ዛፍ ስል ተክል አይምሰላችሁ። ግድግዳ ላይ የተሳለ የእንግሊዝኛ ቃላት ዛፍ ነው። ግንዱ ቡናማ፣ ሥሮቹ ጥቁር፣ ቅርንጫፎቹ አራት ናቸው። የስም ቅርንጫፍ ቅጠሎች ሰማያዊ፣ የግስ ቀይ፣ የቅጽል አረንጓዴ፣ የተውሳከ ግስ ደግሞ ቢጫ ነበሩ። ዘጠነኛ ክፍል ገብተን መጀመሪያ ያየነው ቀን፣ ሰማያዊ ቅጠል የሚያበቅል አገር የትኛው ነው ብለን ስቀንበታል። በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ አንድ ቃል ተጽፏል፤ የቃሉ ሥር በጥቁር፣ ሥሩ ላይ የተቀጠለው በነጭ። ስለዚህ ከሩቅ ስታዩት እንኳ ቃሉ ከምን ከምን እንደተሠራ ይታያል።

ዛፉን የሳሉት የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ናቸው። ቲቸር ነበር የምንላቸው። ሁሉንም አስተማሪ ቲቸር እንላለን፤ ግን "ቲቸር መጡ" ከተባለ ማን እንደመጣ የሚጠይቅ አልነበረም። ጎባ ተወልደው ጎባ ያረጁ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም አንዱን ከሌላው ሳያስበልጡ የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሲቆጡ በኦሮምኛ፣ ሲያሾፉ በአማርኛ ነበር። እንግሊዝኛውን ደግሞ ለሥራ ብቻ ነው የሚያወጡት።

የሚያስተምሩበት መንገድ የራሳቸው ነው። አዲስ ነገር ከማለታቸው በፊት ሦስቱን ቋንቋ ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ያሰልፋሉ። ፈረስ ላይ "ኛ" ስትቀጥሉ ፈረሰኛ ይሆናል ይሉናል። ባርሲሱ በኦሮምኛ ማስተማር ነው፤ ጫፉን ስትለውጡት ባርሲሳ፣ አስተማሪ። ቲች ማለት ማስተማር፤ "ኧር" ስትጨምሩበት ቲቸር፣ ያው እኔ። ታዲያ ሦስቱም ያንኑ ሥራ እየሠሩ እንግሊዝኛው ሲሆን ለምን ትፈራላችሁ ብለው ይቆጡናል። የሰዋስው መጽሐፉ እነዚህን ቅጥያዎች ባዕድ መነሻና ባዕድ መድረሻ ይላቸዋል። ቲቸር "ባዕድ" የሚለውን ቃል አይወዱትም ነበር። ከገባ ወዲያ ምኑ ነው ባዕድ፣ ቤተኛ ነው እንጂ ይሉ ነበር። እኔ ከሙስሊም ቤት የመጣሁ ልጅ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ከጎሮ፣ ከኋላችን የቄስ ልጅ፤ ይህን ሲሉ ስለ ቃል ብቻ የሚያወሩ አይመስለኝም ነበር።

ወግ ነበረን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ሁሉ ትምህርት ቤቱን ከመልቀቁ በፊት ለዛፉ አንድ ቅጠል ይጨምራል። አንድ ክፍል አንድ ቅጠል፣ ከዚያ በላይ የለም። ቃሉን የሚመርጡት ተማሪዎች ናቸው፤ ዛፉ ላይ የሌለ፣ ከሥርና ከቅጥያ የተሠራ መሆን አለበት። መርጠው ሲጨርሱ ክፍሉ በሙሉ ግድግዳው ፊት ይቆምና ቲቸር ሦስት ጥያቄ ይጠይቃሉ። ሥሩ ምንድን ነው? ምን ተቀጠለበት? የትኛው ቅርንጫፍ ላይ ነው፣ ከማን ቀጥሎ? መልሱ ከተስማማቸው "ይቀመጥ" ይላሉ። ያን ጊዜ አንድ ተማሪ መሰላል ላይ ወጥቶ ይጽፋል። የባሌ ዝናብ ለቀለም አይራራም፤ በየመስከረሙ የደበዘዙትን ቅጠሎች እንደገና የምናደምቃቸው እኛው ነበርን። እንደዚያ እየሆነ ከእኛ በፊት ያለፉትን ሁሉ ቃል በእጃችን ጽፈነዋል ማለት ነው።

ከቅጠሎቹ ሁሉ ዝነኛው የተሳሳተው ነው። ከእኛ ከብዙ ዓመት በፊት የነበሩ ተማሪዎች ቲቸር ታመው የቀሩበትን ሳምንት ጠብቀው፣ የሚጠይቃቸው ሳይኖር፣ "ኩከር" ብለው ጻፉ። ቲች ቲቸር ከሆነ፣ ፋርም ፋርመር ከሆነ፣ ኩክ የማይሆንበት ምክንያት አልታያቸውም። ምግብ ሠሪ ማለታቸው ነው። እንግሊዝኛው ግን ኩከር የሚለው ምድጃን ነው። ቲቸር ድነው ሲመለሱ ግድግዳው ፊት ቆመው እስኪያስላቸው ሳቁ አሉ። ተማሪዎቹ እናጥፋው ቢሏቸው እምቢ አሉ። ሥሩም ልክ ነው፣ ቅጥያውም ልክ ነው፣ የተቀመጠውም ስም ላይ ነው፣ እናታችሁን ምድጃ ማድረጋችሁ ብቻ ነው ጥፋቱ አሏቸው። ከዚያ በራሳቸው እጅ ከቅጠሉ ሥር የምታጨስ ትንሽ ድስት ሳሉበት። አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ያ ነበር።

የእኛ ተራ ሲደርስ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ወንዶቹ ረጅም ቃል ፈለጉ፤ ከፊትም ከኋላም ቅጥያ የተደረደረበት፣ ቅጠሉን አልፎ ግንዱ ድረስ የሚደርስ ነገር። እኛ ሴቶቹ የሚነበብ ይሁን አልን። ጭቅጭቁ ሳምንት አልፎት ነበር። በመጨረሻ ያስታረቀችን ከጎሮ የመጣችው ጓደኛዬ ናት። እሷ ጎባ ቤት ተከራይታ ነበር የምትማረው፤ አገሯ ሞቅ ይላልና የጎባን ብርድ አራት ዓመት ሙሉ አልለመደችውም። ሁለት ሹራብ ደርባ ትመጣለች፤ እኛ እንስቅባታለን፤ እሷ ደግሞ "እናንተ ደገኞች ደም የላችሁም" ትለናለች። ያን ቀን ተነሥታ ለምን ደገኛን አንጽፈውም አለች። ሃይላንደር። ሃይ ከፍታ፣ ላንድ ምድር፣ ኧር ሰውየው። ሦስት ቁራጭ ስላለው ወንዶቹም ረጅም ነው ብለው ተቀበሉ። አንዱ ብቻ የውሃ ፕላስቲክ ሰብሳቢ ነው የሚመስለው ብሎ አሾፈ፤ እኛ አገር ባዶ ፕላስቲኩን ሃይላንድ ነው የምንለው። ቢሆንም ድምፅ ተሰጥቶ አለፈ። እሷ ከደገኞቹ አንዷ የሆነችው በዚያን ቀን ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ በሹራቧ የሳቀ አልነበረም።

እንድጽፈው የተመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነበር። ቲቸር ቦታውን ቀድመው አዩት፤ ከስም ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ የቅጠሉን ዙሪያ በጠመኔ፣ ከዚያ በቀጭን ሰማያዊ መስመር ሳሉልኝ። ደስታዬ ሌላ ነበር። ከቤታችን አንድም ሰው እዚያ ትምህርት ቤት ገብቶ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ የለም። ስሜ ባይጻፍም እጄ ሊቀር ነው ብዬ አስቤ ነበር፤ ልጅ ወልጄ ይዤ መጥቼ የማሳየውን ሁሉ አስቤ ነበር። ቲቸር የሰማያዊውን ቀለም ጣሳና ብሩሹን ሰጡኝና ቤት ወስጄ ካርቶን ላይ እንድለማመድ ነገሩኝ። ሰኞ ክፍሉ ግድግዳው ፊት ይቆማል፣ ሦስቱ ጥያቄ ይጠየቃል፣ እጽፋለሁ።

ሰኞ ትምህርት ቤት አልነበረም። የኮሮና ወረርሽኝ ገብቷል ተብሎ በአገሩ ሁሉ ተዘጋ። ለሁለት ሳምንት መስሎን ነበር።

የቀረውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፈተናውን ከብዙ ቆይታ በኋላ ተፈተንን፤ እሱም ሌላ ቦታ፣ ሌላ ግድግዳ ፊት። ክፍላችን ዳግመኛ አንድ ላይ ቆሞ አያውቅም። የኔ ውጤት አልበቃም። ጓደኛዬ ሻሸመኔ አግብታ ሱቅ ከፈተች። እኛ ወደ ሮቤ ስንዛወር ጣሳው ከዕቃ ጋር አብሮ መጣ፤ አልጋ ሥር ተቀምጦ ሊደርቅ ሲል እናቴ አውጥታ የኩሽናውን መስኮት ቀባችበት። ጥሩ ሰማያዊ ነበር። ሰሃን ሳጥብ ፊት ለፊቴ ያለው እሱ ነው። ጓደኛዬ በቴሌግራም ባወራን ቁጥር ከሰላምታው ቀጥላ "ቃላችን ተጻፈ?" ትላለች። ገና ነው እላታለሁ። ቃሉን ያመጣችው እሷ ናት፤ ጻፊ የተባልኩት ደግሞ እኔ። ስለዚህ የምትጠይቀው እኔን ነው።

አሁን ሮቤ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ አባዛለሁ፣ ላሚኔት አደርጋለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነጭ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ገቡና መታወቂያቸውን ዘረጉልኝ። እንኳን ደህና መጡ አልኳቸው። መታወቂያውን ገና ሳልቀበል ቀና ብለው ጆሯቸውን ወደ እኔ አዞሩና በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ።

"አካም ጂርታ ልጄ? ሰማያዊውን ቀለም የሰጠሁሽ አይደለሽም እንዴ?"

ዓይናቸው ከጡረታ በኋላ እየደከመ ሄዶ አሁን ጥላ ብቻ ነው የሚያዩት። የለዩኝ በድምፄ ነው። ተነሥቼ እጃቸውን ሳምኩ። ያን ሁሉ ሰው አስተምረው የኔን ድምፅ ለይተው አወቁ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ጠበቀ። ከእኛ በኋላ የመጡት ክፍሎች የየራሳቸውን ቅጠል እንደጻፉ ነገሩኝ። በየዓመቱ ባዶ የቅጠል ዙሪያ አይተው ይህን እንሙላው ይሏቸው ነበር። እሳቸው ግን የተያዘ ነው፣ ባለቤት አለው እያሉ መለሷቸው። ጡረታ ሲወጡም ለተተኪያቸው ያስረከቡት ይህንኑ ነው።

"ቦታችሁ እንዳለ ነው፤ ነይና ጻፊው" አሉኝ።

ኢንሻአላህ ቅዳሜ እመጣለሁ አልኳቸው። ያን ማታ ለጓደኛዬ ነገርኳት፤ የድምፅ መልእክቷ ውስጥ ስታለቅስ ይሰማ ነበር።

ጎባ ሩቅ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አይቆጨኝም። ከሮቤ ሚኒባስ ይዘሽ ገና ሳትደላደይ ትወርጃለሽ። ያን ቅዳሜ ግን የምዝገባ ሰሞን ነበርና ሱቁን ሰው አጨናንቆት አሠሪዬ ፈቃድ አልሰጠችኝም። የሚቀጥለው ቅዳሜ ዝናብ ነበር፤ በዝናብ የዘይት ቀለም አይይዝም። ከዚያ የአጎቴ ልጅ ኒካህ ሆነ። ሁሉም እውነተኛ ምክንያት ነው። አንዱም ዛሬ ሲታሰብ የሚያሳርፍ አይደለም።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ፀሐይ ወጣ። አዲስ የሰማያዊ ቀለም ጣሳ፣ ትንሽ የነጭና የጥቁር፣ ሁለት ብሩሽ ገዝቼ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ጣሳውን ጭኔ ላይ አቅፌ፣ ፊደሎቹን በጣቴ ፌስታሉ ላይ እየጻፍኩ ነበር። የጎባ ብርድ ከሚኒባሱ ስወርድ እንደ ድሮው ፊቴን መታኝ፤ ጓደኛዬ ትዝ አለችኝ።

በር ላይ ያለው ጥበቃ የጥንቱ ሰውዬ ነው። የመጣሁት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ብዬ እንደሆነ ስነግረው ፊቱ በራ። ነይ ላሳይሽ አለና ራሱ እየመራ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ወሰደኝ። ትምህርት ቤቱ ታድሷል። ጣሪያው አዲስ፣ መስኮቱ አዲስ፣ ግድግዳው ከላይ ክሬም ከታች ቡናማ። አዲሱ ልስን ከመደረጉ በፊት አሮጌው ተፈቅፍቆ ነው አለኝ፤ ስንጥቁ በዝቶ ነበር። አንድ ቅጠል የለም። ግንዱ የነበረበት ቦታ ላይ እጄን አሳረፍኩ፤ ለስላሳ ነው፤ ሥራው ጥሩ ነው። ሠራተኞቹ የታዘዙትን በደንብ ሠርተዋል፤ ማንም ክፉ አላሰበም። ጥበቃው አጠገቤ ቆሞ "አላማረም?" አለኝ። አምሯል አልኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ። ካለፈው ሳምንት በፊት በነበረው ሳምንት ነው የጨረሱት አለ።

እስከ ቲቸር ቤት ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። ቁጣም ነበረኝ፤ ግን የምቆጣው ማንን እንደሆነ ስፈልግ ያ የተጨናነቀ ቅዳሜ፣ ያ ዝናብ፣ ያ ኒካህ ብቻ ነው የሚመጣልኝ። ቲቸር በራቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሰላም ስላቸው ድምፄን ለዩት፤ ፌስታሉ ሲንኮሻኮሽ ሰምተው ፈገግ አሉ፤ ቀለሙ እንዳይንጠባጠብ ብሩሹን ጣሳው ጫፍ ላይ አራግፈሽ ነው የጻፍሽው አይደል ብለው ጠየቁኝ። መዋሸት እችል ነበር፤ አያዩም። ግን ከዚያ ሰው ፊት ተቀምጬ አልሆነልኝም። ግድግዳው ታድሷል አልኳቸው። ዛፉ የለም።

የጋቢያቸውን ጫፍ ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ። እኔ እንባዬን ድምፅ ሳላሰማ እጠርጋለሁ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ክፍል ሲገቡ እንደሚያደርጉት ቀና ብለው ተቀመጡ።

"ተነሺ ቁሚ" አሉኝ። ቆምኩ።

"ሥሩ ምንድን ነው?"

ሁለት ሥር ነው ያለው፣ ሃይ እና ላንድ፣ ተጣምረው አልኳቸው።

"ምን ተቀጠለበት?"

ኧር፣ ሰውየውን የሚያመጣው።

"የትኛው ቅርንጫፍ ላይ ነው? ከማን ቀጥሎ?"

ስም ላይ አልኳቸው። ከማን ቀጥሎ ለሚለው ቃሉ ጠፋኝ። እሳቸው የማልመልሰው ፈርቼ መስሏቸው ሊያግዙኝ ቅርንጫፉን ከግንዱ ጀምሮ ይቆጥሩልኝ ጀመር፤ እንደ ዳዊት ደጋሚ ዓይናቸውን ጨፍነው። ካይንድነስ። ፋርመር። ፍሬንድሺፕ። ሁሉንም ማን እንደጻፈው፣ የማን ልጅ እንደነበረ፣ መሰላሉን የያዘለት ማን እንደሆነ እየነገሩኝ ነው የሚሄዱት። ኩከር ላይ ደርሰው ሳቁ። ከኩከር ቀጥሎ አሉና ቆሙ። እንደገና ከግንዱ ጀመሩ። እንደገና ኩከር ላይ ቆሙ።

"ከኩከር ቀጥሎ ማን ነበር? ከእናንተ ጋር የሚዋሰነው። አንቺ ታውቂዋለሽ እኮ።"

ማወቅ ነበረብኝ። የኔ ባዶ ቅጠል ጎረቤት ነው፤ በየመስከረሙ በብሩሽ ሳደምቀው የኖርኩት ቃል ነው። የነጩን ክፍል ቅርፅ አየዋለሁ፤ በቀኝ በኩል እንደነበረ፣ ቀለሙ ትንሽ ወርዶ እንደነበረ። ቃሉ ግን የለም። አላስታውሰውም ቲቸር አልኳቸው። ጭንቅላታቸውን ደጋግመው ነቀነቁ። እነሱም እንደ እናንተ ደክመውበት ነበር አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉና "ይሁን፣ የእናንተው ይቀመጥ" አሉ።

ሮቤ ተመልሼ ያገኘሁትን የጥንት ተማሪ ሁሉ ጠየቅሁ። ኩከርን የማያስታውስ የለም። ድስቱን፣ ጭሱን ሳይቀር ይነግሩኛል፤ ይስቃሉ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውን የሚያስታውስ ግን አንድም ሰው አላገኘሁም። ፎቶ ያላቸው ላኩልኝ፤ ሁሉም ዛፉ ፊት የተነሡት ነው። በእያንዳንዱ ፎቶ ቃላቱ ላይ የኛ ጭንቅላት አለ። የራሳችንን ፊት ለማሳየት ነበር የቆምነው፤ ከኋላችን ያለው የትም የሚሄድ አልመሰለንም።

በዚያው ሰሞን ጓደኛዬ ጻፈችልኝ። ሰላምታውን እንኳ አላስቀደመችም፤ "ቃላችን ተጻፈ?" ነው ያለችው። በድምፅ ልመልስላት ጀምሬ ተውኩት፤ እንደገና ጀምሬ ተውኩት። መጨረሻ ላይ "ቲቸር ይቀመጥ ብለዋል" ብዬ ጻፍኩላት። ሱቋ ውስጥ ሆና፣ ከደንበኛ ድምፅ ጋር የተቀላቀለ እልልታ ላከችልኝ። የት እንደተቀመጠ አልጠየቀችኝም።